በመንደር የቀናሁ ሾፌር

ሰው በሰው ይቀናል፤ በመሬት፣ በከብት፣ በሹመትም ይቀናል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የቀናሁት በአንዲት መንደር ነው። ቢዮ ዲማ ትባላለች። ከድሬዳዋ ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚወጣ ሁሉ ያልፍባታል። የደንገጎ ዳገት ወገቡ ላይ፣ መንገዱ ትንሽ ሜዳ በሚመስልበት ቦታ ያለች፣ አንድ ትልቅ ሾላ፣ ጥቂት የጭቃ ቤቶችና ቀይ አፈር ናት። ሌላ ምንም የላትም። ይሁን እንጂ በጡረታ ስሰናበት ወጣቶቹ የሥራ ባልደረቦቼ የጠየቁኝ ስለ አሰብ በረሃ አልነበረም። በጦርነቱ ጊዜ ቁስለኛ ጭኜ ስለተመላለስኩበት መንገድም አልነበረም። «ጋሼ፣ ቢዮ ዲማን ታውቃታለህ? ያቺን መጽሐፍ ላይ ያለችውን?» ነው ያሉኝ። ልጆች ናቸው፣ አላወቁም። እኔ ግን የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩት።

ስለዚህ ልጻፈው አልኩ። መጽሐፉን የጻፈው አንድ መምህር ነው፤ እሱ የጻፈውን ያህል እኔ ብጽፍ ምን እጄን ይይዘኛል?

አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ድሬዳዋ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ነው ያደግኩት። አባቴ እኔም ባቡር ላይ እንድገባ ፈልጎ ነበር። እኔ ግን ባቡር መሪ የለውም፣ ሐዲዱ ወደወሰደው ነው የሚሄደው፣ ሰው እንደፈለገ የሚያዞረው ነገር ይሻለኛል ብዬ አሻፈረኝ አልኩና አብዮቱ በፈነዳ ሰሞን አውቶቡስ ላይ በረዳትነት ተቀጠርኩ። እንደፈለግኩ ያዞርኩት ነገር እንዳልነበረ ወደፊት ታያላችሁ።

የሰጡኝ ሾፌር አው ዩሱፍ ነበር። የሐረር ሰው ነው፤ «አው» የሚባለው ለታላቅ ነው። ስናነጋግረው ግን «አንተ» ነው የምንለው፤ እኛ ድሬዎች አንቱታ ብዙ አይሆንልንም። ሙስሊም ሆኖ ሳለ በየዓመቱ ታኅሣሥና ሐምሌ የቁልቢን ተሳላሚ የሚያወጣና የሚያወርድ እሱ ነበር። ምእመናኑ ከሌላው ሾፌር ሁሉ እሱን ይመርጣሉ። እናቶች የስለት ጃንጥላና ጧፍ ይዘው ሲሳፈሩ «አው ዩሱፍ፣ በሰላም አድርሰን እንግዲህ» ይሉታል። እሱም «ገብርኤልን ለላይኛው ጉዳያችሁ ተዉት። ለመንገዱ እኔ አለሁ» ይላቸዋል። ይስቃሉ፣ ግን ያምኑታል።

የአው ዩሱፍን አነዳድ ዛሬም ዐይኔን ጨፍኜ አየዋለሁ። ዳገቱን በወጣበት ማርሽ ነው ቁልቁለቱን የሚወርደው። ሲወጡ እልልታው፣ ጭብጨባው፣ ከበሮው የፈለገውን ያህል ይሁን ግድ የለውም። የአውቶቡሷ አፍንጫ ወደ ታች ሲዞር ግን አንድ እጁን ያነሳና ሕዝቡ ሁሉ ጸጥ ይላል፤ ሞተሯን መስማት ይፈልጋል። ፍሬን የሚረግጠው በመከራ ነው። «ፍሬን እንደ ዘመድ ነው። በትንሽ በትልቁ ካስቸገርከው የቸገረህ ዕለት አይመጣልህም» ይለን ነበር።

ቢዮ ዲማ ሲደርስ ሁልጊዜ ያቆማል፤ ሲወጣ ለራዲያተሩ፣ ሲወርድ ለፍሬኑ። ከጋቢናው ይወርድና በየጎማው እየዞረ የእጁን ጀርባ ወደ ፍሬኑ ታምቡር፣ ጎማው ውስጥ ፍሬኑ ወደሚይዘው ክብ ብረት፣ ያስጠጋል። መዳፉን አያስጠጋም፤ መዳፍ ከተቃጠለ መሪ አይያዝበትም። ሙቀቱ እጁን ካባረረው ሄዶ ሾላው ሥር ይቀመጥና አንድ ብርጭቆ ሆጃ ያዛል። ሆጃ የቡና ገለባ በወተት ፈልቶ ጨው ጣል የሚደረግበት የሐረርጌ መጠጥ ነው፤ ቶሎ የሚጠጣ ነገር አይደለም። ጠጥቶ ሲጨርስ ተነስቶ እንደገና ይዞራል። እጁ ታምቡሩ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ንቅንቅ አይልም። ካድሬ ይቸኩል፣ ቄስ ይቸኩል፣ እሱ አይቸኩልም። ቶሎ እንዲበርድ ውሃ ላፍስበት ያለ ረዳት ደግሞ ወዮለት፤ የጋለ ታምቡር ውሃ ሲነካው ይሰነጠቃል።

አብሮኝ ከአው ዩሱፍ ሥር የሠለጠነ ሲራጅ የሚባል ልጅ ነበር። ቁመቱ በበሩ አያስገባውም። ከፊት አንድ ወርቅ ጥርስ አለው፣ ድምፁም ያማረ ነው። እሱ ባለበት ሁሉ ሳቅ አለ። ጎማ በመፍታት እኔ እበልጠዋለሁ፣ ሞተር በማዳመጥ እኔ እበልጠዋለሁ፤ አው ዩሱፍ ራሱ ይህን መስክሯል። ግን ጎማ በመፍታት የሚወደድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሾላው ሥር ሆጃ የምታፈላው ፋንታዬ ነበረች። አባቷ በመንገድ ሥራ ከወሎ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። ኦሮምኛውን፣ ሶማልኛውን፣ አማርኛውን እኩል ትናገራለች፣ በሦስቱም ትሳደባለች። ብርጭቆውን ስታቀርብ ሰውን ቀና ብላ ዐይን ዐይኑን ታየዋለች። እኔ በመጀመሪያው ቀን ወደድኳት። ሴት የወደደ ሰው ምን ብሎ እንደሚያወራ ግን አላውቅም ነበር፤ የማውቀው ፍሬን ነው። አጠገቧ ተቀምጬ ታምቡሩን የሚነክሰው የፍሬን ሸራ እንዴት እንደሚያልቅ፣ የዘይት መፍሰስ በሽታ እንዴት እንደሚታወቅ አስረዳታለሁ። እሷም ገለባውን እያማሰለች «እሺ» ትለኛለች። በእኔ ቤት ተግባብተናል፤ አንድ ቀን ሽማግሌ ልልክ ልቤ ቆርጧል።

ጊዜው ሄደና ሁለታችንም መንጃ ፈቃድ አወጣን። አው ዩሱፍ ዐይኑ እየደከመ ስለመጣ ጋራዥ ኃላፊ ሆነ። የእሱን አውቶቡስ ለእኔ ሰጡኝ፣ ለሲራጅ አዲስ የመጣውን። ደመወዛችን እኩል ነበር። ያኔ ቅር አላለኝም፤ የአው ዩሱፍ መሪ ከአዲስ መኪና ይበልጣል ብዬ ኮራሁ።

አንድ ታኅሣሥ ላይ መምህር ጌታሁን የሚባል የአማርኛ አስተማሪ ከእኔ ጋር ወደ ቁልቢ ወጣ። ጋቢና ነው የተቀመጠው። ሲበዛ ጠያቂ ነው። ይህ ምንድነው፣ ያ ለምንድነው፣ እነዚያ ሰዎች ለምን ድንጋይ ተሸክመው ይወጣሉ ይለኛል። «ስለታቸው ነው» አልኩት። ቢዮ ዲማ ስንቆም «ለምን ቆምን?» አለኝ። እንደ አው ዩሱፍ አድርጌ አስረዳሁት፤ እጄንም አስጠግቼ አሳየሁት። ሲራጅም ያኔ አውቶቡሱን ከኋላዬ አቁሞ ነበር። ሾላው ሥር ቁጭ ብሎ እያንጎራጎረ ፋንታዬን ያስቃል። መምህሩ ያን ያየ እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ሆጃውን ጠጥቶ፣ አመስግኖ ተሳፈረ።

ከዚያ መጽሐፉ ወጣ። ስሙን እዚህ አልጠራውም፤ በቂ ሰው ጠርቶለታል። ወደ ቁልቢ ተሳላሚ ስለሚያመላልስ ሾፌርና ቢዮ ዲማ ላይ ሆጃ ስለምትሸጥ ሴት የተጻፈ ልብ ወለድ ነው። በሬዲዮ ይተረክ ጀመርና አገሩ አበደ። ሾፌሩ ሾላው ሥር ቁጭ ብሎ አልነሳም ሲል፣ ሴትየዋ «ጎማው አልበረደም እንዴ?» ትለዋለች። እሱም «ጎማው ከበረደ ቆየ፤ ያልበረድኩት እኔ ነኝ» ይላታል። ይህችን አንዲት ዐረፍተ ነገር የማያውቅ ሰው ድሬዳዋ ውስጥ ጠፋ። ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት የሚሸጠው ይላታል፤ ቡና ቤት የተቀመጠው ይላታል፤ ሻይ ያዘዝኩት አስተናጋጅ እንኳ ብርጭቆውን እያስቀመጠ ይለኛል። ጎማ አይደለም የሚበርደው፣ ታምቡር ነው። ግን ለማን ይነገራል!

የመጽሐፉ ሾፌር ረጅም ነው። ወርቅ ጥርስም አለው።

ፍሬኑን ያስረዳሁት እኔ፣ እጄን አስጠግቼ ያሳየሁት እኔ፣ ፋንታዬን የወደድኩ እኔ፣ መጽሐፉ ላይ የወጣው ሲራጅ! ሰዉም ቢሆን መርምሮ አልጨረሰም፤ ወርቅ ጥርስ ከተባለ ሲራጅ ነው አለና አጸደቀው። ሲራጅም አላስተባበለም። ሲጠይቁት ጥርሱን ገልጦ ይስቃል። በሬዲዮ ሲተረክ እኔ ተነስቼ እወጣለሁ። ሰው ታሪኩን ሊነግረኝ ሲጀምር «ልብ ወለድ አልወድም» ብዬ አፉን አስዘጋዋለሁ። መጽሐፉን በእጄ አልነካሁትም።

ቢዮ ዲማም ቢዮ ዲማ መሆኗ ቀረ። የቁልቢ ተሳላሚ ሁለት ቦታ ይሳለም ጀመር። ከአዲስ አበባ ተማሪዎች ይመጣሉ፤ የሾላውን ቅጠል ቆርጠው መጽሐፋቸው ውስጥ ያደርጋሉ፤ ልጃገረዶች ከፋንታዬ እጅ ሆጃ ለመጠጣት ይሰለፋሉ። ሲወጡና ሲወርዱ ሾፌሮችን «ቢዮ ዲማ እንዳታልፈን!» እያሉ ያስጠነቅቃሉ። ከዚህ በፊት የመንደሯን ስም የሚያውቀው ራዲያተር ብቻ ነበር።

የሚገርመው ፋንታዬ ራሷ አንባቢ ሆነች። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መንደራቸው ዳስ ተጥሎ ነበርና ፊደል ቆጥራለች። መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ያነበበችው መጽሐፍ ያ መጽሐፍ ነው። አንድ ቀን ሾላው ሥር ጣቷን በመስመሩ ላይ እያስኬደች ስታነብ ደረስኩ። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

«ፋንታዬ» አልኳት።

«ቆይ፣ መስመሩን ልጨርስ» አለችኝ።

ጨረሰች። ሆጃ ቀዳችልኝ። እኔ ግን አልጠጣሁም። «ምን ይላል?» አልኳት።

«እንዳንተ ይላል» አለችና ሳቀች። «ስለ መኪና፣ ስለ መንገድ።»

«ሲራጅ እዚህ መጥቶ የሚለው ነገር አለ?»

«ሲራጅ ለማን የማይለው ነገር አለ? አቦ አንተ ደግሞ!»

«መጽሐፉ ላይ ያለውን ብሎሻል ወይ ነው የምለው።»

ፋንታዬ መጽሐፉን ዘጋችው። «ካነበብከው ጠይቀኝ። ካላነበብከው አትጠይቀኝ» አለችኝ። ሌላ ተሳፋሪ መጥቶ ነበርና ወደ እሱ ሄደች። እኔም የሲራጅን ጥርስ በልቤ እየቆጠርኩ ወደ መኪናዬ ተመለስኩ። ያን ቀን የታምቡሩን ሙቀት መርምሬ እንደሆን አላስታውስም።

አሁን ሰው ሁሉ ወደሚያውቀው ነገር ልምጣ፤ በሥራ ዘመኔ የተሰበርኩበት እሱ ነው።

የሐምሌ ገብርኤል ማግስት ነበር። ዝናብ ጥሎ አባርቷል። አውቶቡሷ እስከ አፍንጫዋ ሞልታ ከቁልቢ ተመለስን። ደንገጎን ስንጀምር መዝሙሩን አላስቆምኩም። ዐይኔን የያዘኝ ከፊት የቀደመኝ የሲራጅ አውቶቡስ ነው። ወደ ቢዮ ዲማ ስንቃረብ ተሳፋሪው ሁሉ ተንጫጫ። «ቢዮ ዲማ! አቁምልን! እናያታለን!» አንዷ ልጅ ከኋላዬ ያቺን የጎማ ዐረፍተ ነገር እንደ መዝሙር ታዜማታለች። መታጠፊያውን ዞሬ ቀና ስል ሲራጅ ሾላው ሥር ተቀምጧል። ፋንታዬ ብርጭቆ እየሰጠችው ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ትስቃለች። በዙሪያቸው ሰው ቆሞ ያጨበጭባል። ለካ ቴአትር ነበር የሚሠሩት፤ ተማሪዎች ለምነዋቸው ያን የመጽሐፉን ክፍል እያሳዩአቸው ነበር። ይህን የሰማሁት በኋላ ነው። ያኔ ያየሁት እጇንና ጥርሱን ብቻ ነው።

እግሬ ፍሬኑ ላይ ነበር። አነሳሁት። ሕዝቡ «ኧረ አለፍከን!» ብሎ ጮኸ። እኔም ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩና ነዳሁ።

እስቲ አስቡት። ተሳፋሪው እንዲቆምለት የፈለገው ለመጽሐፍ ነው። እኔ ያልቆምኩት በመጽሐፍ ምክንያት ነው። አው ዩሱፍ እዚያ ያቆም የነበረው ግን ለፍሬኑ ብሎ ነበር። ይህን ከእኔ በቀር በዚያች መኪና ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም፤ እኔም ረሳሁት።

ሁለት ሦስት መታጠፊያ እንደወረድን የተቃጠለ ሸራ ሸተተኝ። ፍሬኑን ረገጥኩት፤ እግሬ ወደ ውስጥ ሰጠመ። ማርሽ ልቀንስ ብል ፍጥነቱ አላስገባ አለኝ፤ የእጅ ፍሬኑን ብስበው ባዶ ነው። ዝማሬው ቆመ። የአንድ ሕፃን ልቅሶ ብቻ ይሰማል። በአንድ በኩል ገደል ነው፣ በሌላው በኩል ተራራ። መሪውን ወደ ተራራው ሰጠሁት፤ አውቶቡሷ ዓለቱን እየፋቀች፣ መስታወቷ እየረገፈ፣ ብዙ ከተንገጫገጨች በኋላ የፊት ጎማዋ የውሃ መውረጃ ቦይ ውስጥ ገብቶ ቆመች።

ሰው አልሞተም። አንዲት ባልቴት ጎናቸው ተሰብሯል፣ አንድ ዲያቆን ክንዱ። የእኔ እግር ከመሪው ሥር ተቀርቅሯል። በስለት ያገኘችውን ልጅ ለገብርኤል አሳይታ የምትመለስ አንዲት እናት ሕፃኗን በደረቷ እንዳቀፈች በተሰበረው በር በኩል መጣችና ቁልቁል ታየኝ ጀመር። «ልጄን ከገብርኤል ተቀብዬ ነው የመጣሁት። አንተ ልትመልስለት ነበር?» አለችኝ።

ሲራጅ ከኋላ ደርሶ እግሬን በብረት ፈልቅቆ አወጣኝ። በጀርባው አዝሎ ወደ አውቶቡሱ ወሰደኝ። አንገቴ ትከሻው ላይ ሆኖ፣ ያ ሁሉ ሰው ተጎድቶ፣ እኔ የማስበው «ይህም መጽሐፍ ይጻፍበት ይሆናል» ብዬ ነበር። ቅናት እንዲህ ነው፤ ለሞትም ቦታ አይለቅም።

በዚያ ዘመን ሆስፒታሉ ውስጥ የኩባ ሐኪሞች ነበሩ። እግሬን የጠገነኝ ራሞን የሚባል ሸበቶ ሰው ነው። አማርኛ ትንሽ ለምዷል፤ የጎደለውን በእጁ ይሞላዋል። አስታማሚ ነርሷ በመጽሐፉ ምክንያት መጋጨቴን ነግራው ኖሮ አንድ ጠዋት እየሳቀ መጥቶ አልጋዬ ላይ ተቀመጠ።

አያቱ የስፔን ሰው ናቸው አለኝ። ከሩቅ አገር ሰው ሁሉ በእግሩ ወደ አንድ ትልቅ ቅዱስ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድበት መንገድ አለ፤ እንደ ቁልቢ። የአያቱ መንደር እዚያ መንገድ ላይ ናት፣ ትንሽዬ የድንጋይ መንደር። አንድ ጸሐፊ ስለ መንደሯ ታሪክ ጻፈ፤ ለደከመ መንገደኛ ዳቦ ስለምትሰጥ ስለ አንዲት ልጅ። ተሳላሚው ሁሉ የልጅቷን ቤት አሳዩን እያለ መጠየቅ ጀመረ። እንዲህ ያለች ልጅ በመንደሩ ኖራ አታውቅም። ሰዉ ሲሰለቸው ተማከረና አንድ ቤት መርጦ «ይኸው» አለ።

«የአያቴ ቤት አይደለም» አለኝ ራሞን። «ጎረቤት! በየቀኑ ሰው መጥቶ የጎረቤት በር ይስማል። አያቴ በመስኮት ያያል። ተናደደ፣ ተናደደ፣ መርከብ ገባ፣ ኩባ ሄደ።»

«በቅናት?»

«በቅናት! እስኪሞት ድረስ ‹የኛ በር ይበልጥ ነበር› ይላል።»

ድሬዳዋ ተኝቼ በስፔን አገር ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ። «ኩባ ሲገባ ተወው ታዲያ?» አልኩት።

ራሞን ራሱን ነቀነቀ። «ባሰበት። ኩባ ሆኖ በሩ አይታይም። በሐሳብ ሁልጊዜ ብዙ ሰው ይስመዋል።»

አው ዩሱፍም መጣ። ከአልጋው ጎን ቆሞ የእጁን ጀርባ ወደ እግሬ አስጠግቶ ትኩሳቱን አየ። ከዚያ ተቀመጠ።

«ወሪያ፣ አንተ ተሾመ፣ ቢዮ ዲማ አቆምክ?»

«አላቆምኩም።»

«እሱንማ አውቶቡሷን አይቻለሁ። ለምን?»

ብርድ ልብሱን እስከ አንገቴ ሳብኩት።

«ሲራጅ ነግሮኛል» አለ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወላሂ፣ አንተ ሁለቱንም ሆንክብኝ። እኔ ሴቶች ሲስቁ ስንት ጊዜ አለፍኩ፣ ወንዶች ሲሰድቡኝ ስንት ጊዜ አለፍኩ። ታምቡር ግን አላለፍኩም። ታምቡር አይቀናም፣ አይወድም፣ ይግላል ብቻ።» ተነሳና በሩ ጋ ሲደርስ «ስትድን ጋራዥ ና» አለኝ። መሪ አልሰጥህም ማለቱ ነበር። አው ዩሱፍ ፊት እንዲህ ከመሆን ገደሉን መምረጥ ይሻል ነበር ብዬ ያለቀስኩት ያኔ ነው።

ፋንታዬ የመጣችው ዘግይታ ነው። በሲራጅ አውቶቡስ ነው የመጣችው፤ ይህንንም አስተዋልኩ። ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች።

«ለምን አለፍከኝ?» አለችኝ።

«ከሲራጅ ጋር ስትስቂ አየሁ።»

«ስቄአለሁ። እና?»

«ያልበረድኩት እኔ ነኝ ብሎሻል?»

ፋንታዬ አየችኝ። ያኔ እንደ ሆጃው ጊዜ አልነበረም አስተያየቷ፤ ደክሟታል። «ስማኝ ተሾመ» አለች። «እንዲያ ያለኝ ሰው በዚህ ዓለም ላይ የለም። ሲራጅ አላለኝም፣ ሌላም አላለኝም። ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር። አንድ የማላውቀው መምህር አንድ ብርጭቆ ሆጃ ጠጥቶ ሄዶ አሰበልኝ። አንተ ስንት ዓመት አጠገቤ ተቀምጠህ አላሰብክልኝም።»

«እወድሻለሁ እኮ» አልኳት። እንዲህ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው፤ ያውም እንደ ክስ መልስ ነው የወጣው።

«እሱንማ አሁን ተናገርክ። ሰው ሰብረህ!» አለችና አለቀሰች፤ ከዚያ ደግሞ ሳቀች። «መጽሐፉን አንብበው።»

«አልነካውም።»

«እንግዲያው እኔንም ስለሱ አትጠይቀኝ» ብላ አብረን ዕድሜያችንን የኖርንበትን ውል እዚያው አልጋው አጠገብ አሰረችው።

መንጃ ፈቃዴ ታገደ። ማመልከቻ ጻፍኩ፣ ቀበሌ ተመላለስኩ፣ ይህን ሁሉ መዘርዘር አያስፈልግም። ጋራዥ ገብቼ አው ዩሱፍ ሥር የፍሬን ሸራ ስቀይር ኖርኩ። እግሬ ሲጠና፣ ሰዉም ሲረሳ፣ ሽማግሌ ልኬ ፋንታዬን አገባሁ። ድሬዳዋ አመጣኋት። ቢዮ ዲማን ጥላ ስትመጣ መንደሪቱን የቀማኋት መስሎኝ ነበር። ለካ መንደሯ ተከትላን መጥታለች። አንባቢዎች ቤታችንን እያፈላለጉ ይመጡ ጀመር። ፋንታዬን ከብበው «እትዬ፣ ሾፌሩ ተመልሶ መጣ?» ይሏታል። ሲራጅ ያኔ በባቡር ጅቡቲ ገብቶ እዚያው ቀርቷል። እሷም እየሳቀች «መንገዱ ክፍት ነው፣ ማን ያውቃል» ትላቸዋለች። እኔ ጓዳ ሆኜ ይህን እሰማለሁ። ባሏ እዚህ ቁጭ ብሎ፣ ጅቡቲ ያለውን ሰው መመለስ ይጠይቃሉ!

መምህር ጌታሁንን ባገኘው የምጠይቀው ብዙ ነበር። ወደ ሌላ አገር ተዛውሮ ሄደ፤ አልተመለሰም። የመንጃ ፈቃዴ እገዳ ሲነሳ አው ዩሱፍ ጡረታ ሳይወጣ መሪውን መልሶ ሰጠኝ። ያን ዕለት አብሮኝ ተሳፍሮ ወጣ፤ ቢዮ ዲማ ላይ ስቆም አንዲት ቃል ሳይናገር እኔ በየጎማው ስዞር በመስኮት ተመለከተኝ። ከዚያ በኋላ አሰብ ነዳሁ፣ ጅጅጋ ነዳሁ፣ ጭነት ነዳሁ፣ ሰው ነዳሁ። አንድም ፍሬን አልከዳኝም። ይህን የሚጽፍልኝ ሰው አልተገኘም።

ባለፈው ዓመት ፋንታዬ የዐይኗን ሞራ በቀዶ ጥገና አስወጣች። ሐኪሙ ለጊዜው ማንበብ ከለከላት። ጠዋት በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለን መጽሐፉን ከጭኗ ላይ አንስታ ዘረጋችልኝ። ቅጠሉ አርጅቷል፣ ጀርባው በፕላስተር ተጣብቋል። «አንብብልኝ» አለችኝ።

«ፋንታዬ...»

«ዐይን የለኝም። ለማን ልስጠው? ለጎረቤት?»

ተቀበልኳት። በየጠዋቱ ጥቂት ጥቂት አነበብኩ። መጀመሪያ በጥርሴ መካከል ነበር የማነብበው። እያደር፣ እውነቱን ልናገር፣ ጥሩ ነው። ሰውዬው አይቷል። ሞተሩ አለ፣ ድንጋይ የተሸከሙት አሉ፣ የሆጃው ጨው አለ። ያቺ የጎማ ዐረፍተ ነገር ላይ ደረስኩ። ማንበቤን ቀጠልኩ። ከዚያ ሾፌሩ ይነሳል። የእጁን ጀርባ ወደ ታምቡሩ ያስጠጋል፤ እንደ እኔ። ይሳፈራል። በሚቀጥለው ገብርኤል እመጣለሁ ይላታል። ገጹን ገለበጥኩ። በሚቀጥለው ገብርኤል አልመጣም። በዚያኛውም አልመጣም። ሴትየዋ ሾላው ሥር ሆና የእያንዳንዱን አውቶቡስ ጡሩምባ ትሰማለች። ፀጉሯ ሸበተ። መጽሐፉ አለቀ።

የመጨረሻውን ገጽ ወደ ፊት ወደ ኋላ አገላበጥኩት።

«ትቷት ሄደ እንዴ?» አልኳት።

«ሄደ» አለች ፋንታዬ።

«አልተመለሰም?»

«ምን ይመለሳል! ወሬኛ ነው።»

ቢዮ ዲማን ያለፍኩት፣ አውቶቡስ ዓለት ላይ የፋቅኩት፣ ስንት ዘመን ጓዳ ተቀምጬ የተቃጠልኩት፣ አንድ ቀን ጥሩ ተናግሮ ጥሏት በሄደ ሰው ቀንቼ ነው። እኔ ይኸው አጠገቧ ተቀምጫለሁ።

«ይህን ሁሉ ዘመን እያወቅሽ ምነው አልነገርሽኝም?» አልኳት።

ፋሻ የሸፈነውን ዐይኗን ወደ እኔ መለሰች። ከሥሩ ስትስቅ ጉንጯ ይታየኛል።

«አቦ፣ ልንገርህና መቅናቱን ልትተውብኝ?» አለችኝ። «አንተ አፍህን ከፍተህ ስለ እኔ ያወራኸው ስትቀና ብቻ ነው።»